የትምህርት ቤት ኮምፒውተር ገጽታው ለዐይን እንዲስማማ ስለ ማድረግ

የቁም ጸሐፊ ብራናውን ፍቆና አለስልሶ፥ በወስፌ ወግቶ መስመሩን ካሰመረ በኋላ፥ ኹለት ዐይነት ቀለም ያዘጋጃል። ጥቁሩ ለንባቡ፥ ቀዩ ለርእሱና ለቅዱሳን ስም ነው። ይህንም የሚያደርገው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ አንባቢው የነገሩን መጀመሪያ ከመካከሉ ለይቶ በቶሎ እንዲያገኝ፥ ዐይኑም ሳይደክም ብዙ ሰዓት እንዲያነብ ነው እንጂ። የፊደሉም መጠን እንደ መጽሐፉ አገልግሎት ይለያያል፤ በጉባኤ መካከል የሚነበበው መጽሐፍ ፊደሉ ትልቅ፥ ሰው በማኅደር አንግቶት የሚሄደው ግን ትንሽ ይሆናል።

ዛሬ ወደ ትምህርት ቤቶች የሚገባው ኮምፒውተር የተባለው መሣሪያም በዚሁ ዐይነት ሊመረመር ይገባዋል። የመሣሪያው መስተዋት እንደ ብራናው ነው፤ በላዩ የሚታየው የፊደል ቅርጽ፥ የመደቡ ቀለም፥ የመስኮቶቹ ጠርዝና የምልክቶቹ ሥዕል ደግሞ እንደ ጸሐፊው ቀለምና መስመር ናቸው። እነዚህ ባንድነት ተስማምተው አንድ መልክ ሲሰጡ በእንግሊዝኛ ቴም ይባላሉ፤ በአማርኛ ገጽታ ቢባሉ ነገሩን ይገልጠዋል። ብዙ ሰው ገጽታን መለወጥ የሥራ ፈት ጨዋታ ይመስለዋል። ነገር ግን መምህሩ ፊደሉን አጥርቶ ሊያይበት ያልቻለ፥ ሽማግሌውም ዐይኑን አጨንቍሮ አጨንቍሮ የተወው መሣሪያ መጨረሻው የታወቀ ነው፤ በሣጥን ተቈልፎበት አቧራ ይለብሳል። ስለዚህ ገጽታን ማስተካከል መሣሪያው ለሥራ እንዲውል ወይም ተጥሎ እንዲቀር ከሚያደርጉት ነገሮች አንዱ ነው።

ከመገናኛ የሚገዛው መሣሪያ

በአዲስ አበባ ምሥራቅ መገናኛ የተባለው ስፍራ፥ ስሙ እንደሚነግረው፥ የመንገዶች መጋጠሚያ ነው። ከቦሌ፥ ከኮተቤ፥ ከአያት፥ ከሃያ ኹለትና ከሾላ የሚመጣው መንገደኛ በዚያ ይገናኛል፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ከአያት እስከ ጦር ኃይሎች የሚደርሰው ቀላል ባቡርም በዚያ ጣቢያ አለው። ከመሀል ከተማ ወደ ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው መምህር ብዙውን ጊዜ መገናኛን አልፎ ይሄዳል። በመንገዱ ዳርና በሕንፃዎቹ ውስጥ ኮምፒውተር የሚሸጡ፥ የሚጠግኑና ፕሮግራም የሚጭኑ ሱቆች ይገኛሉ። ከሚሸጡትም መሣሪያዎች መካከል በውጭ አገር ጥቂት ዓመት አገልግለው የመጡ አሉ፤ አቅሙ ጥቂት የሆነ ትምህርት ቤት የሚገዛው ወይም በስጦታ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለውን ነው።

እነዚህ አሮጌ መሣሪያዎች አካላቸው ጤነኛ ሳለ የሚሠሩበት ሥርዐት ያረጅባቸዋል። ማይክሮሶፍት የተባለው ኩባንያ ዊንዶውስ 10 ለተባለው ሥርዐቱ ይሰጥ የነበረውን የተለመደውን የነጻ ጥበቃና እድሳት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (በኤውሮፓ አቈጣጠር ኦክቶበር 14 ቀን 2025) አቁሟል። ተከታዩ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቢያንስ 4 ጊጋ ባይት ራም፥ 64 ጊጋ ባይት የማስቀመጫ ስፍራና ቲፒኤም 2.0 የሚባል የጥበቃ ክፍል ካላገኘ አይገባም ይላል። ስለዚህ ገና ሊያገለግል የሚችል ብዙ መሣሪያ እንደ ተጣለ ዕቃ ሊቈጠር ነው።

ለእንዲህ ያለው መሣሪያ ምንጩ የተገለጠ ቀላል ሥርዐት አለለት። ምንጩ የተገለጠ ማለት የተጻፈበት ትእዛዝ ከማንም ሳይሰወር ኹሉ ሊያነበው፥ ሊያሻሽለውና ለባልንጀራው ሊሰጠው የተፈቀደ ማለት ነው። ይህን ዐሳብ በዓለም ፊት ያቆመው ሪቻርድ ስቶልማን የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን፥ በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1983 ጂኤንዩ የተባለውን ሥራ አስታወቀ። በ1991 ደግሞ ሊኑስ ቶርቫልድስ የተባለ በሄልሲንኪ የሚማር የፊንላንድ ተማሪ፥ ገና የ21 ዓመት ወጣት ሳለ፥ ሊኑክስ የተባለውን የሥርዐቱን እምብርት ጽፎ ለኹሉ ሰጠ። በዚህ እምብርት ላይ የሚቀመጡ ልዩ ልዩ የመክፈቻ ገጾች፥ ማለት ዴስክቶፖች፥ ተሠርተዋል። ከነዚህ አንዱ ኦሊቪዬ ፉርዳን የተባለ ፈረንሳዊ በ1996 የጀመረው ኤክስኤፍሲኢ ነው። ምልክቱ አይጥ ነው፤ ትንሽና ፈጣን መሆኑን ያሳያል። በዙቡንቱ፥ በሊኑክስ ሚንትና በዴቢያን ላይ ይገኛል፤ ለዚህም ፈቃድ የሚከፈል ዋጋ የለም። ሊኑክስ ሚንት የሚጠይቀው ትንሹ መጠን 2 ጊጋ ባይት ራምና 20 ጊጋ ባይት ስፍራ ነው። እጅግ አሮጌ መሣሪያ የሚገዛ ሰው ግን ልቡ 64 ቢት መሆኑን ይጠይቅ፤ ዛሬ የሚወጡት አዳዲስ እትሞች በ32 ቢት መሣሪያ ላይ አይጫኑምና።

የዚህ ዐይነት ሥርዐት ለኢትዮጵያ ተማሪዎች እንግዳ አይደለም። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ2008 ገደማ ለአንድ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚለው ዕቅድ በሺህ የሚቈጠሩ ኤክስኦ የተባሉ አረንጓዴና ነጭ ትንንሽ ኮምፒውተሮች ወደ ኢትዮጵያ ትምህርት ቤቶች ገብተው ነበር። የሚሠሩት በሊኑክስ ላይ በቆመ ሹገር በተባለ ገጽ ነበር፤ የግዕዝ ፊደል ያለበት የቁልፍ ሰሌዳም ተዘጋጅቶላቸው ነበር። በዚያ ገጽ ላይ እያንዳንዱ ልጅ የራሱን ምልክት በኹለት ቀለም ይመርጥ ነበር። ይህ ትንሽ ነገር ቢመስልም ትልቅ ምክር አለበት፤ ልጁ መሣሪያውን የራሴ ነው እንዲል ያደረገው የዋጋው ውድነት ሳይሆን በእጁ የመረጠው ቀለም ነውና።

የገጽታ ክፍሎች

ኤክስኤፍሲኢን የሚያስተካክል ሰው አስቀድሞ ገጽታ አንድ ነገር ሳይሆን የብዙ ክፍሎች ጉባኤ መሆኑን ይወቅ። ይህን ሳያውቅ የሚጀምር ሰው አንዱን ለውጦ ሌላው እንደ ነበረ ሲቀር ሥራው የተበላሸ ይመስለዋል።

ፊተኛው ክፍል የመስኮቱ የውስጥ መልክ ነው፤ ይኸውም የቍልፎቹ፥ የዝርዝሮቹና የመጻፊያው ሣጥን ቀለምና ቅርጽ ነው። ይህን የሚሥለው ጂቲኬ የተባለው መሣሪያ ነው። ኹለተኛው የመስኮቱ ጠርዝ ነው፤ ይኸውም ርእሱ የሚጻፍበት የላይኛው መስመርና መዝጊያው፥ ማሳነሻውና ማስፊያው ናቸው። ይህን የሚያዘው ኤክስኤፍደብሊውኤም የተባለ ሌላ አገልጋይ ነው። ሦስተኛው ምልክቶቹ ናቸው፤ ፎልደሩ፥ ፋይሉና ፕሮግራሙ የሚታወቁባቸው ትንንሽ ሥዕሎች ማለት ነው። አራተኛው ፎንት የሚባለው የፊደል ቅርጽ ነው። አምስተኛው ከኹሉ በስተኋላ የሚነጠፈው ሥዕል ነው። ፊተኛውና ኹለተኛው በልዩ ልዩ አገልጋይ ስለሚታዘዙ፥ ኹለቱንም ለየብቻ መምረጥ ያስፈልጋል።

አንድ ገጽታ ታሽጎ ሲመጣ በውስጡ የሚገኘው ጽሑፍና ሥዕል ነው። ቀለሙ የሚጻፈው በስድስት አኃዝ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ኹለቱ የቀይን፥ መካከለኞቹ የአረንጓዴን፥ የመጨረሻዎቹ የሰማያዊን መጠን ይናገራሉ፤ የእያንዳንዱም ልክ ከ0 እስከ 255 ነው። ስድስቱም አኃዝ ዜሮ ሲሆኑ ቀለሙ ጥቁር ነው። መምህሩ ይህን ለተማሪዎቹ ቢያሳይ የሒሳብና የሥዕል ትምህርት ባንድ ጊዜ ይሆንለታል።

መልካሙን ገጽታ ስለ መምረጥ

ዐይን የሚስብ ኹሉ ዐይን አይጠብቅም። የገጽታ መልካምነት በሦስት ነገር ይፈተናል።

መጀመሪያው የፊደሉና የመደቡ ብርሃን መራራቅ ነው። ወርልድ ዋይድ ዌብ ኮንሶርሽየም የተባለው ማኅበር በ2008 ባወጣው መመሪያ ለተራ ጽሑፍ የብርሃኑ ልዩነት ቢያንስ 4.5 ለ1 እንዲሆን ወስኗል። በነጭ መደብ ላይ ጥቁር ፊደል 21 ለ1 ይሆናል፤ ከዚያ የሚበልጥ የለም። ቍጥሩ 767676 የሆነው ግራጫ በነጭ ላይ ሲጻፍ ወሰኑን በጭንቅ ያልፋል። 999999 የሆነው ግራጫ ግን ከ3 ለ1 በታች ስለ ሆነ ይወድቃል። ብዙ ያማሩ ገጽታዎች ፊደላቸውን በዚህ ዐመድማ ቀለም ይጽፋሉ፤ የወጣት ዐይን ይታገሠዋል፥ የሽማግሌ ዐይን ግን አይታገሠውም።

ኹለተኛው የክፍሉ ብርሃን ነው። ጥቁር መደብ ያለው ገጽታ በጨለማ ክፍል ለዐይን የተመቸ ሊሆን ይችላል፤ የፀሓይ ብርሃን በሚገባበት ክፍል ግን መስተዋቱ የመስኮቱንና የሰዎቹን ጥላ መልሶ ስለሚያሳይ ፊደሉ ይጠፋል። ስለዚህ ቀን ለሚያስተምር ትምህርት ቤት ነጭ ወይም ነጣ ያለ መደብ ይሻላል። በጥቁር ገጽታ የመብራት ኀይል ይቈጠባል የሚለው ወሬም በአሮጌ ኮምፒውተሮች ላይ አይሠራም፤ የእነርሱ መስተዋት ኤልሲዲ ስለ ሆነ ሥዕሉ ጥቁር ቢሆንም ከበስተኋላው ያለው መብራት አይጠፋምና። በፀሓይ ኀይል የሚሠራ ትምህርት ቤት ኀይል መቈጠብ ሲፈልግ የመስተዋቱን ብርሃን ዝቅ ያድርግ።

ሦስተኛው ክብደቱ ነው። የመስኮቱን ጥላና ብርሃን አሳላፊነት የሚሠራው ክፍል ራም ይበላል፤ መሣሪያው ከዘገየ «ዊንዶው ማናጀር ትዊክስ» በተባለው ማስተካከያ፥ «ኮምፖዚተር» በተባለው ገጽ ሊጠፋ ይችላል። በስተኋላ የሚነጠፈውም ሥዕል ከመስተዋቱ መጠን የበለጠ እንዳይሆን ነው። ዝንጕርጕር ሥዕል ከመንጠፍ አንድ ወጥ ቀለም ማድረግ ለዐይንም ለመሣሪያውም ይጠቅማል።

አጫጫኑ

ገጽታ የሚገኘው ከኹለት ስፍራ ነው። አንደኛው ሥርዐቱ ራሱ ያለው መደብር ነው፤ እንደ ግሬበርድና እንደ አርክ ያሉት ገጽታዎች ከዚያ ይገኛሉ። በዚያ ያለው ተመርምሮና ታትሞ የገባ ስለ ሆነ ይህ ይቀድማል። ኹለተኛው በኢንተርኔት ላይ ሠሪዎቹ የሚያስቀምጡት ነው። ኢንተርኔት በሌለበት መንደር ያለ መምህር ወደ ከተማ ሲመጣ የሚያስፈልገውን በመገናኛም ሆነ በሌላ ስፍራ አውርዶ በፍላሽ ይዞ ይሂድ፤ አንድ ገጽታ በብዙ ሺህ ገጽ የሚቈጠር መጽሐፍ አይደለምና ስፍራው ጥቂት ነው። ሲያወርድ ለጂቲኬ 3 የተዘጋጀ መሆኑን ይመልከት። ኤክስኤፍሲኢ በነሐሴ 2011 ዓ.ም. ከወጣው 4.14 ከተባለው እትም ጀምሮ ወደ ጂቲኬ 3 ስለ ተዛወረ፥ ለጂቲኬ 2 ብቻ የተሠራ አሮጌ ገጽታ ስሙ ቢገኝም መልኩ አይታይም።

ከዚያ በኋላ ሥራው በዚህ ተራ ይከናወናል።

አንደኛ፥ መምህሩ ምንም ሳይለውጥ አሁን የተመረጡትን የገጽታ፥ የጠርዝ፥ የምልክትና የፎንት ስሞች ከነመጠናቸው በወረቀት ይጻፍ። መንገዱን ምልክት አድርጎ የሄደ ሰው ሲመለስ አይጠፋምና።

ኹለተኛ፥ ፋይል ማያውን ከፍቶ ወደ ራሱ ዋና ፎልደር ይግባ፤ ኮንትሮል የተባለውን ቁልፍ ይዞ ኤችን ይንካ። ያን ጊዜ ስማቸው በነጥብ የሚጀምር ስውራን ፎልደሮች ይታያሉ።

ሦስተኛ፥ ከነዚህ መካከል ቴምስ የተባለው ከሌለ ራሱ ይፍጠረው። ስሙ በትንንሹ የላቲን ፊደል፥ ያለ ክፍተት፥ እንዲህ ይጻፋል፤ ነጥብ፥ ቲ፥ ኤች፥ ኢ፥ ኤም፥ ኢ፥ ኤስ። ለምልክቶችም አይኮንስ የተባለ ፎልደር ይፍጠር፤ አጻጻፉ ነጥብ፥ አይ፥ ሲ፥ ኦ፥ ኤን፥ ኤስ ነው። የመጀመሪያው ነጥብ ከተረሳ ወይም አንዱ ፊደል በትልቁ ከተጻፈ ሥርዐቱ አያውቀውም።

አራተኛ፥ በፍላሽ የመጣውን የታሸገ ፋይል በማውሱ ቀኝ ጠቅ አድርጎ ይፍታውና የወጣውን ፎልደር ወደ ቴምስ ይክተት፤ የምልክት ከሆነ ወደ አይኮንስ ይክተት። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንዳንድ እሽግ ሲፈታ ፎልደር በፎልደር ውስጥ ሆኖ ይወጣል። የገጽታው ፎልደር በተከፈተ ጊዜ ጂቲኬ 3 የተባለው ፎልደርና ኢንዴክስ የተባለው ፋይል ወዲያው መታየት አለባቸው። ከታች ሌላ ፎልደር ውስጥ ተሸሽገው ከተገኙ ያን የውስጡን ብቻ አውጥቶ ማስቀመጥ ያስፈልጋል፤ አለዚያ ገጽታው በዝርዝሩ ውስጥ አይገኝም።

አምስተኛ፥ ከማስተካከያዎቹ «አፒራንስ» የሚለውን ይክፈት። በመጀመሪያው ገጽ፥ «ስታይል» በሚለው፥ የአዲሱ ገጽታ ስም ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ጠቅ ሲያደርገው የመስኮቱ የውስጥ መልክ ወዲያው ይለወጣል። በኹለተኛው ገጽ፥ «አይኮንስ» በሚለው፥ ምልክቶቹን ይምረጥ።

ስድስተኛ፥ ያን ዘግቶ «ዊንዶው ማናጀር» የሚለውን ይክፈትና በዚያም «ስታይል» ከሚለው ገጽ የጠርዙን መልክ ይምረጥ። የገጽታው ስም እዚህ ባይገኝ እሽጉ የጠርዝ ክፍል የለውም ማለት ነው፤ ከቀለሙ ጋር የሚስማማ ሌላ ጠርዝ ከነበሩት ይምረጥ።

ሰባተኛ፥ አንድ ሰዓት ያህል የዘወትር ሥራ ይሥራበት፤ ደብዳቤ ይጻፍ፥ የተማሪ ውጤት ይመዝግብ። አንዳንድ ፕሮግራም የራሱን ልብስ ብቻ ስለሚለብስ አዲሱን መልክ ባይቀበል አይደነቅ። ያልተስማማው እንደ ሆነ በወረቀት የጻፈውን ስም መልሶ ይምረጥ፤ ከዚያ በኋላ የማይፈለገውን ፎልደር ቢሰርዘው ምንም አይጐዳም።

ስለ ግዕዝ ፊደል

ከላይ የተነገረው ኹሉ ቢሟላ ፊደሉ ግን የማይነበብ ከሆነ ድካሙ ከንቱ ነው። የላቲን ፊደል 26 ሲሆን እርስ በርሱ በሩቅ ይለያል። የግዕዝ ፊደል ግን ባንድ ቤተ ሰብ ውስጥ ባለች ትንሽ ጭረት ትርጕሙን ይለውጣል። ሉና ሊ የሚለያዩት ጭረቷ ከእግሩ መካከል ወይም ከታች በመሆኗ ነው፤ ቡና ቢ፥ ሹና ሺም እንዲሁ ናቸው። ለላቲን ፊደል ተብሎ የተወሰነው 9 ወይም 10 ነጥብ መጠን ለግዕዝ ሲሆን ጭረቶቹ ተጨማድደው አንዱ ከሌላው አይለይም። ተማሪውም ፊደሉን ያላወቀ ይመስላል፤ ጥፋቱ ግን የመጠኑ ነው።

የግዕዝ ፊደል በዓለም አቀፉ የፊደል መዝገብ፥ በዩኒኮድ፥ የገባው በ3.0 እትም በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም ፊደሉን በራሱ ቍጥር ስለሚመዘግብ፥ በአንዱ የተጻፈው ደብዳቤ በሌላው ሲከፈት የማይታወቅ ምልክት ይሆን ነበር። ስለዚህ የሚመረጠው ፎንት የዩኒኮድ መሆን አለበት። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ፥ ኖቶ ሴሪፍ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል ለኹሉ በነጻ የተፈቀዱ ናቸው። የኖቶ ሳንስ መልክ ቀጥ ያለ ስለ ሆነ ለምናሌና ለርእስ ይስማማል፤ አቢሲኒካ የጽሕፈት መልክ ስላለው ለንባብ የተመቸ ነው።

ፎንት የሚጫነውም ገጽታ በተጫነበት መንገድ ነው። ስሙ ነጥብ፥ ኤፍ፥ ኦ፥ ኤን፥ ቲ፥ ኤስ ተብሎ በተጻፈ ፎልደር ውስጥ ፋይሉን አስቀምጦ፥ ከሥርዐቱ ወጥቶ መግባት ይበቃል። ከዚያ በኋላ በ«አፒራንስ» ሦስተኛ ገጽ፥ «ፎንትስ» በሚለው፥ ስሙንና መጠኑን ይመርጧል። ለግዕዝ 12 ወይም 13 ነጥብ ይሞከር። በዚያው ገጽ ዲፒአይ የሚባል ቍጥር አለ፤ የተለመደው 96 ነው፤ ወደ 110 ወይም ወደ 120 ከፍ ቢል የፊደሉ ኹሉ መጠን ባንድነት ያድጋል። በፊደል ፈንታ ባዶ ሣጥን ቢታይ የግዕዝ ፎንት ፈጽሞ አልተጫነም ማለት ነው።

የመጠኑንም ልክ የሚፈርደው መጽሐፍ ሳይሆን አንባቢው ነው። መምህሩ የፊደል ገበታውን በኮምፒውተሩ ጽፎ፥ በትምህርት ቤቱ አካባቢ ካሉት ማንበብ ከሚያውቁ ሽማግሌዎች አንዱን ወንበር ላይ አስቀምጦ ያስነብብ። ሽማግሌው ወደ መስተዋቱ ሳይጐነበስ ሉንና ሊን፥ ቡንና ቢን ከለየ መጠኑ በቂ ነው። ከተጐነበሰ ይጨመር። ይህ ፈተና ገንዘብ አያስወጣም፤ ሽማግሌውንም የመሣሪያው ባለቤት ያደርገዋል።

ጥንቃቄ

የቸኮለ አፍሶ ለቀመ እንደ ተባለው፥ ገጽታ ሲጫን የሚደርስ ጥፋት የሚመጣው ከችኰላ ነው። ከላይ በተነገረው መንገድ ገጽታ ወደ ራስ ፎልደር ሲገባ የይለፍ ቃል አይጠየቅም። ከኢንተርኔት የመጣ ገጽታ የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል ከጠየቀ፥ ወይም «ይህን ትእዛዝ አስኪድ» ካለ፥ ይህ ከመልክ ማልበስ ያለፈ ነገር ይፈልጋልና ይተዉት። ኬዲኢ በተባለው ሌላ የመክፈቻ ገጽ ላይ በመጋቢት 2016 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ነገር ሆኗል። አንድ ሰው ከገጽታ መደብር ያወረደው ገጽታ የግል ፋይሎቹን ደመሰሰበት፤ ምክንያቱም የዚያ ዐይነት ገጽታ ከሥዕል በቀር ትእዛዝም ሊይዝ ይችል ስለ ነበር ነው። የኬዲኢ ሠሪዎችም ተጠቃሚዎች ከሌላ ሰው የመጣ ገጽታ ሲጭኑ እንዲጠነቀቁ አሳሰቡ።

ስለዚህ በትምህርት ቤት ውስጥ ሦስት ሥርዐት ይጠበቅ። የተማሪ ውጤትና መዝገብ ገጽታ ከመለወጡ በፊት በፍላሽ ይገልበጥ። አዲስ ገጽታ መጀመሪያ ለሙከራ በተከፈተ ሌላ መለያ ስም ይፈተን፤ የራስ ፎልደር ለየብቻ ስለ ሆነ የገጽታው መልክ የመምህሩን ገጽ አይነካውም። ፍላሹም በብዙ መሣሪያ ላይ የተሰካ ስለሚሆን የትምህርት ቤቱን መዝገብ የያዘው ፍላሽ ከመንገድ ፍላሽ ይለይ።

በክፍል ውስጥ

ይህ ትምህርት ከመምህሩ ወደ ተማሪው ሲተላለፍ ፍሬው ይበዛል። ተማሪው ፎልደር መፍጠርን፥ እሽግ መፍታትን፥ ስም ሳይሳሳቱ መጻፍንና የለወጡትን መልሶ ማስተካከልን በዚህ አንድ ሥራ ይማራል። ቀለም በቍጥር እንደሚጻፍ ያየ ልጅ መስተዋቱ ላይ የሚያየው ኹሉ በሰው የተጻፈ እንጂ ከሰማይ የወረደ አለመሆኑን ያስተውላል። ሰው የጻፈውን ሰው ሊያሻሽለው ይችላልና፥ ዛሬ ቀለም የለወጠ ልጅ ነገ የአማርኛ ምናሌ ሊተረጕም፥ ከነገ ወዲያም ፎንት ሊሥል ይደርሳል። ምንጩ የተገለጠ ሥርዐት ለዚህ በሩን አልዘጋም።

በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ መሣሪያዎች ኹሉ ግን አንድ ገጽታና አንድ የፊደል መጠን ቢኖራቸው መልካም ነው፤ ተማሪው ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር መዝጊያውንና ፋይሉን ከዚያው ስፍራ ያገኘዋልና። የየግሉን ምርጫ በየራሱ መለያ ስም ያድርግ። የተመረጠው ገጽታ እሽግና ፎንቱ በአንድ ፍላሽ፥ አጫጫኑም በአንድ ወረቀት ተጽፎ ከትምህርት ቤቱ መዝገብ ጋር ይቀመጥ። መምህር ቢዛወር ወይም መሣሪያ ቢታደስ ተተኪው ያን ወረቀት አንብቦ በግማሽ ሰዓት ሥራውን ይፈጽማል፤ መሣሪያውም ሰው ጠፋ ተብሎ አይቈለፍበትም።